ፍራፍሬ በካራሜል፦ ከጅማ ማዕድ ቤቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ የሚመለሱት ወደ አንድ ነገር ነው፦ ፍሬ ውሃ አለው፤ ስኳር ግን የሚቀላው ውሃው ሲያልቅ ብቻ ነው።

ካራሜል ማለት ምንድን ነው? ስኳር በውሃ ከማፍላት በምን ይለያል?

ስኳር በውሃ ሲፈላ የሚገኘው ሽሮፕ ነው። ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ቀለም የለውም፣ ጣዕሙም ያው የስኳር ነው። ካራሜል የሚሆነው ውሃው ተንኖ አልቆ የስኳሩ ሙቀት ወደ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ሲወጣ ነው። ያን ጊዜ ስኳሩ ራሱ መፍረስ ይጀምራል፤ መዓዛው፣ ቀለሙና ያቺ ለስለስ ያለች ምሬት የሚመጡት ከዚህ ነው።

ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው ዓይን ይበቃዋል። የቀለጠው ስኳር መጀመሪያ የጠጅ ቀለም ይይዛል፣ ቀጥሎ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል፣ ከዚያ ጠቆር ያለ ሻይ። ለፍራፍሬ የሚፈለገው በሁለቱ ሻዮች መካከል ያለው ነው። ቡና ከመሰለ አልፏል። እነዚህን ሦስት ቀለሞች በልባችሁ ያዙ፤ ከታች ደጋግመን እንጠራቸዋለን።

ለአራት ሰው ምን ምን ያስፈልጋል? በስንት ልክ?

4 መካከለኛ ሙዝ፣ 4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር (ሳይቆለል፣ 50 ግራም ያህል)፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ወይም የገበታ ቅቤ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂ፣ በሁለት ጣት የተቆነጠረ ጨው። ሎሚውንና ጨውን ብዙ ሰው ይተዋቸዋል፤ አትተዉአቸው። ያለ እነሱ ሁለተኛው ጉርሻ ላይ አፍ ይሰለቻል።

መጥበሻው ታቹ ወፈር ያለ፣ ስፋቱ ከ24 እስከ 26 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ስስ የአሉሚኒየም ድስት አንዱን ጥግ አሳርሮ ሌላውን ጥሬ ይተወዋል። ሸክላ ድስት ደግሞ ከእሳት ከወረደ በኋላም ሙቀቱን ይዞ ስለሚቆይ ካራሜሉን ያሳርረዋል፤ የወጥ ሽታም አይለቀውም። በዚያው ምክንያት ሽንኩርትና በርበሬ ያልነካው ማማሰያ ለይታችሁ ያዙ። ምግብ የማይጣበቅበት ጥቁር መጥበሻ ይሠራል፤ ችግሩ ቀለም አለማሳየቱ ነው። እንዲህ ከሆነ ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ እያንጠባጠባችሁ እዩ።

ሙዝ በካራሜል እንዴት ይሠራል?

ካራሜል እቃ ፍለጋ የሚዞር ሰው አይጠብቅም፤ ሁሉን አስቀድማችሁ አጠገባችሁ ደርድሩ። ሙዙን ልጣችሁ ሰያፍ አድርጋችሁ በአውራ ጣት ውፍረት ቁረጡት። ስኳሩን በደረቁ መጥበሻ ላይ እኩል በትኑና መካከለኛ እሳት ላይ ጣዱ። ከ2 ወይም ከ3 ደቂቃ በኋላ ጠርዙ መቅለጥ ይጀምራል። አታማስሉ። መጥበሻውን በእጀታው ይዛችሁ እያዘነበላችሁ የቀለጠው ያልቀለጠውን እንዲነካ አድርጉ። 5 ደቂቃ ገደማ ላይ ሁሉም ቀልጦ ቀጠን ያለ ሻይ ይመስላል።

እሳቱን ቀንሱና ቅቤውን ጨምሩ። አረፋ ያወጣል፣ ይንጫጫል፤ ይህ የቅቤው ውሃ ነው። ጨውን ነስንሱና ለግማሽ ደቂቃ አማስሉ። አሁን ሙዙን የተቆረጠ ገጹ ወደ ታች ሆኖ ሳይደራረብ ደርድሩት። አንድ ደቂቃ ከግማሽ ሳትነካኩት ጠብቁ፣ አገላብጡ፣ ሌላ አንድ ደቂቃ። በመጨረሻ ሙቅ ውሃውንና ሎሚውን በጎን በኩል አፍስሳችሁ መጥበሻውን ነቅነቅ አድርጉት፤ ካራሜሉ ላልቶ ሙዙን ይለብሰዋል። ወዲያው አውጡ። ሁሉም ነገር ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይፈጃል።

የትኛው ፍሬ ይሻላል?

ለጀማሪ ሙዝ፤ ውሃው ትንሽ ነውና ይቅር ባይ ነው። ልጣጩ ሙሉ በሙሉ ቢጫ ሆኖ አንድ ሁለት ጥቁር ነጥብ የጀመረው ይመረጣል። ነጠብጣብ የበዛበት ሙዝ ለጁስ እንጂ ለመጥበሻ አይሆንም፤ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለተለወጠና ሥጋው ስለላላ ሙቀት ሲነካው ይፈርሳል።

አናናስ ከሙዝ የሚበልጥ ጣዕም አለው፤ ኮምጣጣነቱ የካራሜሉን ጣፋጭነት ይሰብረዋል። ግን ውሃ የሞላበት ነው፣ ለብቻው አያያዝ ይፈልጋል (ከታች ተመልከቱ)። ማንጎ ሲነካ ትንሽ ገፋ የሚል፣ ግን ያልላመ፣ ክሩ ያልበዛ ይሁን። ኮክም ጠንከር ሲል ግሩም ነው። ፖም ከሁሉም ይጸናል፤ ከጨንቻ የመጣ ካገኛችሁ ልጣጩን ሳታነሱ ቀጠን አድርጋችሁ ቆርጣችሁ ጥበሱት፣ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ ይወስዳል። ፓፓያ ለብቻው ደብዛዛ ነው፤ ሎሚና የተፈጨ ዝንጅብል ካልገባበት አትድከሙበት።

ብርቱካን አይጠበስም። ተልጦ በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ይቆረጥና በሙቅ ውሃ የላላ ካራሜል ይፈስበታል፤ አንድ ሰዓት ሲያርፍ ጭማቂውና ካራሜሉ ይዋሃዳሉ። አቮካዶ ጅማ ውስጥ እንደ ልብ ስለሚገኝ ብዙዎች ይጠይቁናል፤ መልሱ አይሆንም ነው። እሳት ሲነካው ይመራል።

በከሰል ይሠራል?

ይሠራል፣ መብራት ሲጠፋም መፍትሔው እሱ ነው። ከሰሉ ሙሉ በሙሉ ከተቀጣጠለና ስስ አመድ ከለበሰ በኋላ ሳይደራረብ ዘርጉት። ተቆልሎ የሚንቦገቦግ ከሰል መሃሉን ብቻ ያሳርራል። የጋዝ ምድጃ ላይ ቁልፍ እንደሚዞረው ሁሉ ከሰል ላይ መቆጣጠሪያው እጃችሁ ነው፦ ስኳሩ የጠጅ ቀለም ሲይዝ መጥበሻውን አንሱ፣ ቀስ ብሎ እየቀላ ሲሄድ እዩት፣ ቀለሙ ከቆመ መልሳችሁ ጣዱ። ቡና ለማፍላት የተቀጣጠለ ከሰል፣ ጀበናው ከወረደ በኋላ የቀረው ፍም፣ ለሙዝ ልክ ነው።

በርና መስኮት ክፍት ይሁን። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል።

ለጋ ቅቤ ወይስ የነጠረ? በጾምስ?

ቅመም የገባበት የነጠረ ቅቤ አይሆንም። ኮሰረቱና አብሹ ለወጥ ያምራሉ፣ ሙዙን ግን ወጥ ወጥ ያሰኙታል። ከገበያ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የሚመጣው ለጋ ቅቤ ጥሩ ነው፤ አሬራው ካልወጣ ግን ትኩስ ካራሜል ላይ ሲያርፍ ይረጫል። በቀዝቃዛ ውሃ ውሃው እስኪጠራ ድረስ ደጋግማችሁ እጠቡትና ውሃውን ጨምቁለት። ሽታ የጀመረ ቅቤ እዚህ ውስጥ አይደበቅም፤ ሙቀቱ ያጎላዋል።

ለጾም 1 የሾርባ ማንኪያ ተኩል የሱፍ ዘይት በቅቤው ፋንታ ጨምሩበት። የኑግ ዘይት ጣዕሙ ይጫናል። ቅቤ የሚሰጠውን ወፍራምነት ከፈለጋችሁ አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ በሙቁ ውሃ በጥብጣችሁ መጨረሻ ላይ ጨምሩ፤ ከሙዝ ጋር በጣም ይስማማል። ለኢፍጣርም ቢሆን ቴምር ከተበላ በኋላ ቀለል ብሎ የሚቀርበው ይኸኛው ነው።

ስኳሩ ከመቅለጥ ይልቅ አሸዋ ሆነብኝ። ለምን?

ተማስሏል፣ ወይም ውስጡ እርጥብ ነገር ገብቷል። የቀለጠ ስኳር አንድ ያልቀለጠ ቅንጣት ካገኘ በዚያ ዙሪያ መልሶ መጠጠር ይጀምራል፤ ማማሰያው ደግሞ ያንን ቅንጣት በየቦታው ያዳርሰዋል። መጥበሻው ዳር ላይ የተለጠፈ ስኳር ወደ መሃል ሲወድቅም ያው ነው።

አይጣልም። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃና ጥቂት የሎሚ ጠብታ ጨምራችሁ በዝግታ አፍሉት። አሸዋው ይሟሟል፣ ውሃው ይተንናል፣ ቀለሙም ከዚያ ይመጣል፤ ተጨማሪ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ ይፈልጋል። ሎሚው የሚገባው ለጣዕም ብቻ አይደለም፤ ኮምጣጣው ከፊሉን ስኳር ወደ ግሉኮስና ፍሩክቶስ ይከፍለዋል፣ የተደባለቀ ስኳር ደግሞ በቀላሉ አይጠጥርም። በደረቁ ማቅለጥ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ከመጀመሪያውም በዚሁ በውሃና በሎሚ መንገድ ሂዱ። ይዘገያል እንጂ አያሳፍርም።

ፍሬውን ስጨምር ካራሜሉ ድንጋይ ሆኖ ማማሰያው ላይ ተጣበቀ። ተበላሸ?

አልተበላሸም። ፍሬው ቀዝቃዛ ስለነበር ስኳሩ ባንዴ ረጋ። እሳቱን ዝቅ አድርጋችሁ ሁለት ደቂቃ ታገሡ፤ ከፍሬው የሚወጣው እርጥበት መልሶ ያቀልጠዋል። ፍሬን ከፍሪጅ አውጥቶ ወዲያው መጥበሻ ላይ መጨመር ነው ምክንያቱ፤ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብላችሁ አውጡት።

አናናሱ ውሃ አውጥቶ ሾርባ ሆነ። ማንጎውም እንደዚያው። ምን ላድርግ?

ከሁሉም በላይ የሚደርሰን ጥያቄ ይህ ነው። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። መጥበሻው ውስጥ ውሃ እስካለ ድረስ የሚዋኘው ሁሉ ከዚያ ብዙም አይዘልም፤ ካራሜል ደግሞ 160 ይፈልጋል። እሳት መጨመር ብቻውን አይፈታውም፤ ፍሬው እየተቀቀለ ይፈርሳል እንጂ አይቀላም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት። አናናሱን ልጣችሁ፣ ጠንካራውን መሃል አውጥታችሁ፣ በ1 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቆርጣችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ያለ ስኳር፣ ጠብታ ዘይት በተቀባ ትኩስ መጥበሻ ላይ በየገጹ ከ3 እስከ 4 ደቂቃ ጥበሱ። እንፋሎቱ ቀንሶ ጠርዙ ቡናማ ሲሆን ወደ ሳህን አውጡት፤ ሳህኑ ላይ የሚጠራቀመውን ጭማቂ አትድፉ። በዚያው መጥበሻ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳር አቅልጡ (አናናስ የራሱ ስኳር ስላለው አንዱን ቀንሰናል)፣ ቅቤውን ጨምሩ፣ በሙቅ ውሃው ቦታ ያንን የተጠራቀመ ጭማቂ አፍስሱ፣ ከዚያ አናናሱን መልሱና ለአንድ ደቂቃ አገላብጡ። ማንጎም ያው ነው፤ ግን በየገጹ 2 ደቂቃ ይበቃዋል።

ሌላው ስሕተት መጥበሻውን ማጨናነቅ ነው። ለስምንት ሰው የሚሆነውን ባንዴ ከመደራረብ ሁለት ዙር ጥበሱ። ስኳርን ፍሬው ላይ ነስንሶ ማቆየትም ውሃውን ስቦ ያወጣዋል፤ ለፍሩት ፐንች መልካም ነው፣ ለመጥበሻ ግን አይደለም።

መረረ። ማዳን ይቻላል?

አይቻልም። ውሃ፣ ወተት፣ ተጨማሪ ስኳር፣ ምንም ያረረ ስኳርን አይመልሰውም፤ ፍሬው ከመግባቱ በፊት ከሆነ ደፍታችሁ እንደገና ጀምሩ፣ የጠፋው 50 ግራም ስኳር ነው። አስቀድሞ መከላከያው ቀለሙ ከሚፈለገው ትንሽ ሲቀረው እሳቱን ማጥፋት ነው፤ የመጥበሻው ሙቀት የቀረውን ይጨርሰዋል። ጭስ ማውጣት ከጀመረ ዘግይታችኋል።

ቅቤው ከካራሜሉ ተለይቶ ላዩ ላይ ቀረ

ሙቀቱ በዝቷል ወይም ውሃው አንሷል። ከእሳት አውርዱ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምሩና በኃይል አማስሉ፤ ካልያዘ ሌላ አንድ። ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ይዋሃዳል።

እጄ ላይ ተንጠባጠበብኝ። ምን ልቀባው?

ምንም። የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ ቡና አትቀቡ፤ ሙቀቱን ቆዳ ውስጥ ይይዙታል፣ ቁስሉንም ሊመርዙት ይችላሉ። ካራሜል ከፈላ ውሃ የሚከፋው ሙቀቱ ስለሚበልጥና እንደ ሙጫ ስለሚጣበቅ ነው። ወዲያው ቀዝቃዛ ወራጅ ውሃ ሥር ለ20 ደቂቃ ያዙት፤ የተጣበቀውን አትላጡ፣ ውሃው ራሱ ያሟሟዋል። ቀለበት ካለ እብጠት ሳይጀምር አውልቁ። ቃጠሎው ከመዳፍ ከሰፋ፣ ፊት ላይ ከሆነ ወይም የተቃጠለው ሕፃን ከሆነ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ሲሠራ ልጆች ከምድጃው ይራቁ፤ ጣት አስገብቶ መቅመስ ለአዋቂም የተከለከለ ነው።

በስኳር ፋንታ ማር ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን በሌላ ዘዴ። ማር ውስጥ ያለው ፍሩክቶስ በ110 ዲግሪ አካባቢ መቅላት ስለሚጀምር ማር እንደ ስኳር ባዶ መጥበሻ ላይ ቢጣድ ከመቅጽበት ያርራል። ፍሬውን መጀመሪያ በቅቤ ብቻ ቡናማ እስኪሆን ጥበሱ፣ ከእሳት አውርዱ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ማር አፍስሱና ለግማሽ ደቂቃ መልሳችሁ አሙቁት። ገተሜ ከሚባለው ዛፍ አበባ የሚገኘው የጌራ ጫካ ነጭ ማር ካላችሁ በጭራሽ አታፍሉት፤ ጥሩ መዓዛው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ጠቆር ያለው ማር ለእሳት ይሻላል። የጠጠረ ማር ምንም ችግር የለበትም።

ቡናና ኮረሪማ ቢገባበትስ?

በዚህ ከተማ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው! ከአቦሉ ግማሽ ሲኒ፣ ዝቃጩ ዘቅጦ ከጠለለ በኋላ፣ ትኩስ እንዳለ በሙቅ ውሃው ቦታ ይገባል። ቡናው የራሱን ምሬት ይዞ ስለሚመጣ ስኳሩን የጠጅ ቀለም ላይ አቁሙት፤ ሻይ እስኪመስል ከጠበቃችሁ ምሬት በምሬት ላይ ይሆናል። ጨውን እዚህ ላይ ትንሽ ከፍ አድርጉ። ከሙዝ ጋር እጅግ ይስማማል፣ ከአናናስ ጋር ግን ኮምጣጣው ከቡናው ጋር ይጣላል፤ ለአናናስ ዝንጅብል ይሻለዋል።

ኮረሪማ የራሳችን ጫካ ቅመም ነው። ፍሬውን ሰንጥቃችሁ ዘሩን አውጡ፣ ወቅጡት፣ ለአራት ሰው የሻይ ማንኪያ ሩብ በቂ ነው። ከቅቤው ጋር ይግባ እንጂ ከስኳሩ ጋር አይቀልጥ፤ በ160 ዲግሪ ላይ ቅመም ያርራል።

ከውጭ የመጣው አሠራር ሮም የሚባለውን የአልኮል መጠጥ አፍስሱና እሳት ለኩሱበት ይላል። ግድ ነው?

ግድ አይደለም። ይህ ልማድ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1951 በአሜሪካ ኒው ኦርሊንስ ከተማ ከተጀመረ የሙዝ ጣፋጭ ነው። እሳቱ ለዓይን ነው። መጠጥ በማይገባበት ቤት የብርቱካን ጭማቂ ወይም ከላይ ያልነው ቡና ከበቂ በላይ ይተካዋል። ከሰል ላይ የአልኮል መጠጥ ማፍሰስ ግን በማንኛውም ቤት መሞከር የለበትም፤ ነበልባሉ ወደ ፊት ነው የሚመጣው።

ከምን ጋር ይቀርባል? ለነገስ ይቆያል?

በአይስክሬም፣ በእርጎ፣ በአምባሻ። ከሁሉም የምንመርጠው ትኩስ ጨጨብሳ ላይ ነው፤ በርበሬ ያልገባበት፣ በለጋ ቅቤ ብቻ የታሸ ይሁን፣ ሙዙ በማሩ ቦታ ይገባል።

ሙዝ ለነገ አይሆንም፤ ይጠቁራል፣ ይልማል። አናናስና ማንጎ በፍሪጅ 2 ቀን ይቆያሉ። ብልሃቱ ካራሜሉን ለብቻው አብዝቶ ሠርቶ በተከደነ ብርጭቆ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ ማኖር ነው፤ ለሳምንት ይቆያል፣ እንግዳ ሲመጣ አሙቆ ፍሬውን መጥበስ ብቻ ይቀራል።

አናናስ በካራሜል ከእርጎ ጋር ሳቀርበው እርጎው መረረ። ምን ሆኖ ነው?

አናናሱ ውስጡ አልበሰለም። ጥሬ አናናስ ብሮሜሊን የሚባል የወተትን ፕሮቲን የሚሰባብር ኢንዛይም አለው፤ የሚመርረው ያ የተሰባበረው ነው። ሙቀት ኢንዛይሙን ያጠፋዋል፣ ግን ላዩ ቀልቶ መሃሉ ለብ ብቻ ካለ በሕይወት ይቀራል። ስለዚህ ከ1 ሴንቲ ሜትር አታወፍሩት፣ ሁለቱንም ገጽ በደንብ ጥበሱ፣ እርጎውንም ማዕድ ላይ ስታቀርቡ ብቻ ጨምሩ።

ፍሬውን የሚሰበር፣ እንደ መስታወት የሆነ ካራሜል ላለብሰው ብዬ በቴርሞሜትር ብከተልም ሳይሆን ቀረ፤ ጥቁር ሆነ

የተከተላችሁት ቁጥር የተጻፈው ለባሕር ዳርቻ ነው። ለጠንካራ ልባስ ሁለት እጅ ስኳር፣ አንድ እጅ ውሃና ጥቂት ሎሚ ሳይማሰል ይፈላል፤ መጻሕፍቱ ከ149 እስከ 154 ዲግሪ ይላሉ። ሽሮፕ ላይ ግን ዲግሪው የሚናገረው ስንት ውሃ እንደቀረ ነው። ውሃ ጅማ ላይ 6 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ስለሚፈላ እዚህ ልኩ ከ143 እስከ 148 ነው። 154 ስትጠብቁ እናንተ ወደ ማረሩ ተጠግታችኋል። ስኳሩ መቅላት የሚጀምርበት ሙቀት ግን በከፍታ አይለወጥም፤ ስለዚህ ለተራው ካራሜል የቀለሙን ምልክት ብቻ ተከተሉ።

ቴርሞሜትሩ ራሱ ልክ መሆኑን ለማወቅ በሚንፈቀፈቅ ውሃ ውስጥ አስገቡት። የሚያሳየውን ቁጥር ከ100 ላይ ቀንሱ፤ የቀረውን ከማንኛውም የሽሮፕ አሠራር ላይ ቀንሱለት፣ ከፍታውንም የመሣሪያውን ስሕተትም ባንድ ላይ ያርማል። ቴርሞሜትር ከሌለ ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ጣሉ፦ ወጥቶ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርሷል፣ ከተለመጠ አንድ ደቂቃ ይቀረዋል። ፍሬው ደረቅ ይሁን፣ ጠብታ ውሃ ልባሱን ያላቅቀዋል። በክረምት ደግሞ አየሩ ራሱ እርጥብ ነው፤ የተለበሰው ፍሬ በሰዓት ውስጥ ይጣበቃልና እንግዶቹ ከተቀመጡ በኋላ ሥሩት።